ምን በላ? ስንት በላ? መቼ በላ?



የዚህ መድረክ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ ስለ እብድ ውሻ በሽታ እንድናገር ነበር ያሰቡት። ለእንስሳት ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ርዕስ እሱ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ሌላ ርዕስ ለመንኳቸው፤ እነሱም ፈቀዱልኝ፤ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ቤት ውስጥ የምናሳድጋቸው ትንንሽ እንስሳት፣ ማለትም ድመቷ፣ ፑድሉ፣ ቺዋዋው፣ አንዳንዴም የልጆቹ ጥንቸል፣ የሰው መድኃኒት በድንገት ሲበሉ ምን እንደሚደርስባቸውና እኛ ምን ማድረግ እንዳለብን ነው።

ከመካከላችሁ «ሰው መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ በሚንከራተትበት አገር ስለ ውሻ ክኒን ይወራል?» ብሎ በሆዱ የሚያጉረመርም አይጠፋም። አልቀየምም። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ድመት የደረሰችበት ክኒን ላይ የሁለት ዓመት ሕፃንም ይደርሳል፤ ስለዚህ ዛሬ ስለ ድመት ከምናገረው ብዙው ለልጆቻችሁም ይሆናል። ደግሞም እንስሳውን ወዳችሁና ፈቅዳችሁ ቤት አስገብታችሁታል፤ ከዚያ በኋላ ለሚደርስበት ነገር የሚጠየቅ ሌላ ሰው የለም።

ንግግሬ በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው። ምን በላ? ስንት በላ? መቼ በላ? ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የመድኃኒቶቹን ስም ብትረሱ ግድ የለም። ሦስቱን ጥያቄዎች ግን ያዙልኝ።

በ«ስንት» እንጀምር፤ ትንሽ ሒሳብ ስላለው አእምሯችን ሳይደክም ብንጨርሰው ይሻላል።

አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲውጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ስምንት ሚሊግራም ያህል ይደርሰዋል። ያንኑ ክኒን 2 ኪሎ የሚመዝን ቺዋዋ ከምንጣፍ ላይ ለቅሞ ቢውጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ 250 ሚሊግራም ይደርሰዋል። በሰው ብናሰላው፣ ያ 60 ኪሎ ሰው 30 ክኒን በአንድ ጊዜ ዋጠ ማለት ነው። «አንድ ፍሬ ብቻ ናት እኮ!» የሚለው ቃል ክሊኒክ ውስጥ አዘውትሬ የምሰማው ነው። አንድ ፍሬ የምትሆነው ለእኛ ነው።

እዚህ ላይ የክብደት ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ችግሩ አካላቸውም የእኛ አለመሆኑ ነው። የድመትን ጉበት እንይ። የእኛ ጉበት ፓራሲታሞል ሲደርሰው አብዛኛውን ከስኳር ከሚሠራ ንጥረ ነገር ጋር አጣምሮ በሽንት ያስወጣዋል። ይህን የሚያከናውነው ኢንዛይም በድመት ዘንድ የለም። ዘረመሉ አለ፤ ግን ተበላሽቶ አይሠራም። የቤት ድመት ብቻ አይደለችም፤ አንበሳና አቦሸማኔም እንደዚሁ ናቸው። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ደስ ይለኛል፦ ሥጋ ብቻ የሚበላ ፍጥረት ከቅጠላ ቅጠል የሚመጣ መርዝ ስለማያጋጥመው ያንን መሣሪያ በዘመናት ሂደት አጣው። እንግዲህ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ያየነው ባለ ጎፈሩ ጌታም ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል አይሆነውም ማለት ነው።

ድመት ላይ ጉዳቱ በኪሎ ከ10 ሚሊግራም ጀምሮ ታይቷል። ለ4 ኪሎ ድመት ይህ 40 ሚሊግራም ነው፤ የአንድ ክኒን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሙሉ ክኒን ከበላች ደግሞ ለሕይወቷ ያሰጋታል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀይ የደም ሴሎቿ ኦክስጅን መሸከም ያቅታቸዋል፤ ደሟ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ድዷን ገልጣችሁ ብታዩት ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ይጠቁራል ወይም ሰማያዊ ይሆናል። ፊቷና መዳፏ ያብጣል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በጓም ደሴት የአገሩን ወፎች የጨረሰውን ቡናማ የዛፍ እባብ ለመግደል የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች 80 ሚሊግራም ፓራሲታሞል በሞተ አይጥ ውስጥ እየከተቱ ከአየር እንደሚጥሉ ታውቃላችሁ? እኛ ለሕፃን ትኩሳት የምንሰጠው ነገር እዚያ የእባብ መግደያ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ስለ ቤት እንስሳ ባይሆንም። ለወገብና ለጉልበት የምንወጋውን ዲክሎፌናክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሕንድና በጎረቤቶቿ ይኸው መድኃኒት ለከብት ይሰጥ ነበር። ከብቱ ሲሞት ጥንብ አንሣው ሥጋውን በላ፤ ኩላሊቱ ቆመ፤ ሞተ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥንብ አንሣዎች ሲረግፉ ምክንያቱ ግራ አጋብቶ ነበር። መልሱ የታተመው በ2004 ነው፤ በ2006 ሕንድ መድኃኒቱን ለእንስሳት መስጠትን ከለከለች። ለሰው ጉልበት ያገለገለ፣ ለላም ያልከፋ መድኃኒት አንድ የወፍ ዘር ሊያጠፋ ተቃርቦ ነበር። «ለእኔ ከተስማማ እሱንም አይጎዳውም» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ድረስ ያደርሳል።

ውሻስ? ውሻ ከድመት ይልቅ ፓራሲታሞልን ይቋቋማል፤ ግን እሱም የራሱ ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱም ከአገራችን ቤቶች ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ውሻ አይሶናያዚድን የሚያከሽፈው ኢንዛይም የለውም። አይሶናያዚድ የቲቢ መድኃኒት ነው። ለሕክምና ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ፣ ለመከላከያ ደግሞ ለብቻው ጭምር ይሰጣል። ቲቢ በእኛ አገር ስንት ቤት እንደሚገባ ለዚህ አዳራሽ መንገር አያስፈልግም። አንድ ባለ 300 ሚሊግራም ፍሬ የበላ 5 ኪሎ ውሻ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ 60 ሚሊግራም ወሰደ ማለት ነው፤ ይህ ለሞት የሚያበቃ መጠን ነው። አንዳንዴ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ይንቀጠቀጣል፤ ይወድቃል፤ አረፋ ይደፍቃል። የሚያየው ሰው እብደት ይመስለውና ይሸሻል። የሚገርመው ማርከሻው በጣም የታወቀ ነው፤ ቫይታሚን ቢ6 ነው። ሐኪሙ ይህን በመርፌ፣ በበቂ መጠን ከሰጠው መንቀጥቀጡ ይቆማል። ነገር ግን ሐኪሙ ቢ6 ለመውጋት አስቀድሞ አይሶናያዚድ መሆኑን መስማት አለበት። ምን በላ? ወደዚህ ጥያቄ ኋላ ላይ በሰፊው እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ሻንጣ እንክፈት። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል? ጫማ፣ ሽቶ፣ ቸኮሌት፤ ከዚያ ደግሞ በብልቃጥ የታጨቀ አድቪልና ታይሌኖል፣ ለእናቶቻችን ቫይታሚን። ታይሌኖል ያው ፓራሲታሞል ነው፤ ስሙ ቢለወጥ ድመቷ ላይ የሚያደርሰው አይለወጥም። አድቪል ደግሞ አይቡፕሮፌን ነው፤ ላዩ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይወደዋል። ብልቃጡ ክዳኑን ተጭኖ ካላዞሩት አይከፈትም፤ ይህ ሕፃናት እንዳይከፍቱት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ያመጣው ነው። ውሻ ግን ክዳን አያዞርም፤ ብልቃጡን ራሱን ያኝከዋል። ባለ 4 ኪሎ ውሻ አምስት ፍሬ ባለ 200 ሚሊግራም አድቪል ከበላ ጨጓራው መቁሰሉ ብቻ ሳይሆን ኩላሊቱም አደጋ ላይ ነው። ድመት ከዚያ በግማሹ ትጎዳለች።

ቫይታሚንም ንጹሕ አይደለም። በሳምንት አንዴ የሚዋጠው ባለ 50,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ለትንሽ ውሻ ካልሲየሙን ከፍ አድርጎ ኩላሊቱን ይጎዳል። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ክኒንም በርከት ብሎ ከተበላ መርዝ ነው። በአንዳንድ ሽሮፕና ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ የውሻን የደም ስኳር በድንገት ይጥለዋል። የሚቀባውንም አትርሱ። ጸጉር እንዲያበቅልላችሁ ሚኖክሲዲል የምትቀቡ ወንድሞች፣ ድመታችሁ ትራሳችሁ ላይ ተኝታ ወይም ራሳችሁን ልሳ ልቧ ሊታመም፣ ሳንባዋ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ሳቃችሁ፤ ግን የሆነ ነገር ነው።

አሁን «መቼ» ላይ ደርሰናል፤ ይህን አጠር አደርገዋለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንስሳው ጤነኛ ሲመስለው ነው። «ይኸው ይጫወታል፣ ይበላል፤ ምንም አልሆነም» ይላል። አይቡፕሮፌን ኩላሊትን፣ ፓራሲታሞል የውሻን ጉበት ሲጎዱ፣ ቫይታሚን ዲም እንዲሁ፣ ምልክታቸው ጎልቶ የሚወጣው ከአንድ ቀን እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። ሐኪም አስመልሶት ክኒኑን ከሆዱ ማውጣት የሚችለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ሰዓት ነው። ምልክቱን እጠብቃለሁ ያለ ሰው እንግዲህ ሕክምናው ቀላል የነበረበትን ሰዓት በመጠበቅ ጨረሰው። ስለዚህ ደህና መስሎ ሳለ ደውሉ።

ወደ «ምን» ልመለስ። ከሦስቱ ጥያቄዎች መልስ አጥቼ የምቸገረው ለዚህኛው ነው። ሰው ስለማያውቅ አይደለም። እያወቀ አይናገርም።

ክሊኒክ ውስጥ የማየው እንዲህ ነው። ባለቤቱ ውሻውን አቅፎ ይገባል። «ምን በላ?» እላለሁ። «እንጃ ዶክተር፣ ቫይታሚን ነገር መሰለኝ» ይላል። ውሻው እየተንቀጠቀጠ ነው። እንደገና እጠይቃለሁ፤ መልሱ ያው ነው። አብሮት የመጣው ሰው ለአፍታ ወጣ ሲል ሰውየው ጠጋ ይልና «የእኔ መድኃኒት ነው» ይለኛል በሹክሹክታ። የቲቢ ሊሆን ይችላል፤ የኤች አይ ቪ ሊሆን ይችላል፤ የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ከቤተሰብ ደብቆ የሚወስድ፣ የብልቃጡን ጽሑፍ ልጦ የሚጥል ሰው በመካከላችን አለ። የሚደበቀው መድኃኒት ደግሞ የሚቀመጠው ፍራሽ ሥር፣ ቦርሳ ውስጥ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ ነው፤ ሁሉም ውሻ አፍንጫውን የሚያስገባበት ቦታ ነው። ወጣቶቹ ጋ ደግሞ የሐሺሽ ጉዳይ አለ፤ እሱንም በ«እንጃ» ይዘውት ይመጣሉ።

ለዚህ አዳራሽ በግልጽ ልናገር። እኔ የምጠይቀው ስለ ውሻው ነው። ካርዱ ላይ የምጽፈው የውሻውን ስምና የበላውን ነገር ነው። ስሙን ማውጣት ከከበዳችሁ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩኝ። «የጎረቤት ነው» በሉ፤ ማመን አለማመን የእኔ ሥራ አይደለም። የመድኃኒቱ ስም ብቻ ይነገረኝ፤ የማን እንደሆነ አያስፈልገኝም። ደግሞም ሰው በመታመሙ ሊያፍር አይገባውም ነበር፤ ግን ያንን ዛሬ ማታ አንፈታውም።

ሌላው ዝምታ የፍርሃት ነው። ቀን ቤት ውስጥ ማን ነው ያለው? ሠራተኛዋና ልጆቹ። ውሻው ከቦርሳ ውስጥ ስትሪፑን ጎትቶ ሲያኝክ ያየችው ሠራተኛዋ ናት። «እትዬ፣ ውሻው ከቦርሳዎ መድኃኒት በላ» ብላ ለመደወል ምን ያህል ድፍረት ያስፈልጋታል? ከደመወዟ የሚቆረጥ፣ «የት ሄደሽ ነው?» የሚባል ከሆነ፣ ቁርጥራጩን ጠርጋ ትጥላለች፤ ማታ ውሻው ሲያስመልስ እሷም እንደ እናንተ ትገረማለች። ልጆቹም እንደዚሁ። የዚያ ቤት ውሻ ዕጣ የሚወሰነው ባለፈው ብርጭቆ ሲሰበር በተሰጠው መልስ ነው። ዛሬ ቤት ስትገቡ ሠራተኛችሁንም ልጆቻችሁንም ሰብስባችሁ «ማንም ቢያይ በዚያው ደቂቃ ይደውልልኝ፤ አልቆጣም» በሉ። ከዚያ ደግሞ እውነትም አትቆጡ።

እንግዲህ ሆነ እንበል፤ ውሻው ወይም ድመቷ በላች። ምን እናድርግ? መጀመሪያ የማይደረገውን ልናገር፤ እጃችን የሚቸኩለው ወደዚያ ስለሆነ።

ወተት። እናቶቻችን ለተመረዘ ሁሉ ወተት ይሰጣሉ፤ ከርኅራኄ ነው። ወተት ግን የእነዚህ መድኃኒቶች ማርከሻ አይደለም። ዘይት ደግሞ ከወተት ይከፋል፤ በግድ ሲጋት ወደ ሳንባ ይገባል። የጨው ውኃ ራሱ ይመርዛል። ጣት ጉሮሮ ውስጥ መክተት ለእንስሳውም ለጣታችሁም አይበጅም። ኢንተርኔት ላይ ስለ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያነበባችሁ ትኖራላችሁ፤ ለድመት ፈጽሞ፤ ለውሻም ሐኪም መጠኑን ሳይነግራችሁ አይሆንም። ጥንቸል ጭራሽ ማስመለስ የማይችል ፍጥረት ነው፤ አታስቸግሩት። የደነዘዘ ወይም የሚንቀጠቀጥ እንስሳ አፍ ውስጥ ደግሞ ውኃም ቢሆን አይገባም።

የሚደረገው ቀላል ነው። እንስሳውን ከቦታው አርቁ። የተረፈውን ክኒን ልቀሙና ቁጠሩ፤ ከስትሪፑ ስንት ጎደለ? ጠዋት እናንተ የዋጣችሁትን ቀንሱ። ካልታወቀ የጎደለው ሁሉ እንደተበላ ቁጠሩት። ሁለት እንስሳት ካሉ ሁለቱም ይምጡ፤ እያንዳንዳቸው ሙሉውን እንደበሉ ይታሰባል፤ ማን እንደበላ አይመሰክሩም። ክብደቱን ካላወቃችሁ አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፤ ከዚያ ብቻችሁን ውጡና ቀንሱ። ቤት ሚዛን ከሌላችሁ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች አሉ፤ ዛሬውኑ ሳይቸግራችሁ መዝናችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ከዚያ ለሐኪማችሁ ደውሉ፤ ምን፣ ስንት፣ መቼ በሉት፤ ክብደቱን ጨምሩ። ስትመጡ ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ፤ ክኒኑ ተራ ይሁን ቀስ እያለ የሚሟሟ ዓይነት እዚያ ላይ ይነበባል። ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራውን ውሻ ሲያኝከው የሙሉ ቀኑ መጠን ባንዴ ይለቀቃልና ለውጥ ያመጣል። እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ግን መቁጠሩን ትታችሁ ኑ፤ መንገድ ላይ ትደውላላችሁ።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ደግሞ ሌሊትም የሚደውሉበት አላቸው። ኤ.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. የሚባለው የእንስሳት ድርጅት የመርዝ መረጃ ማዕከል ቁጥር 888-426-4435 ነው፤ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሚደርሱት ጥሪዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የሰው መድኃኒቶች ከአናት ላይ ተቀምጠዋል። እነሱም ዘንድ የሚጠየቀው ያው ነው፦ ምን፣ ስንት፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ።

ስለ ወጪው የምታስቡ አላችሁ። ቶሎ የመጣ ውሻን ማስመለስና የከሰል መድኃኒት መስጠት፣ ኩላሊቱ ከደከመ በኋላ ቀናት ግሉኮስ ላይ ከማቆየት እጅግ ይረክሳል። ለፓራሲታሞል ማርከሻው ኤን አሴቲል ሲስቴይን ነው፤ ለሰውም የሚያገለግል ስለሆነ ከሰው ፋርማሲ ፈልጉ ልትባሉ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በድንገት ብቻ ሳይሆን አውቀው የሚሰጡም አሉ። ድመቷ ስታነክስ፣ ውሻው ሲያተኩሰው፣ «ትንሽ ይቅለለው» ብለው ግማሽ ፓራሲታሞል በሥጋ ጠቅልለው ይሰጣሉ። ልባቸው መልካም ነው፤ ድመቷ ግን ሞተች። ለድመት ግማሽም፣ ሩብም የለም።

ስለ አቀማመጥ ብዙ አልልም፤ የምታውቁት ነው። ቦርሳ ሶፋ ላይ አይጣል፤ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሰጠው መድኃኒት በወረቀቱ አይደር፤ መሳቢያው ይቆለፍ። እማማ ጠዋት ክኒናቸውን ሲወስዱ አጠገባቸው ቁሙ፤ አንዷ ከእጃቸው ብትወድቅ እስክትገኝ ውሻው ወደ ውጭ ይውጣ። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ቆሻሻ ላይ አትጣሉት፤ የመንደሩ ውሻ አለ። ፋርማሲውን ጠይቁ፤ መልሶ የሚቀበል ከሆነ ውሰዱለት።

የእኔ ይኸው ነው። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ። ስለ ቸኮሌት የሚጠይቅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እጁን ያወጣው ካለ ከእሱ እንጀምር።